መጽሐፉ ተከፍቷል፤ መምህሩስ? ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ክፍት የትምህርት ሀብቶች

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። አቦሉ ላይ ጀምሩት፤ በረካው ላይ ትጨርሱታላችሁ።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "መምህርት፣ ለኮሌጅ መምህራን የሚሰጡት ስልጠና ስለ ምንድን ነው? ታሪክን ትተው ወደ ኮምፒውተር ገቡ እንዴ?" እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። ኧረ አልተውኩም! ስልጠናው "ክፍት የትምህርት ሀብቶች" ስለሚባሉት ነው። ባለሙያዎቹ አሳጥረው "ኦኢአር" ይሏቸዋል። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ወይም ተቋም መጽሐፍ፣ ሞጁል፣ ቪዲዮ ወይም የፈተና ጥያቄ ያዘጋጅና "ውሰዱት፣ አባዙት፣ ለክፍላችሁ እንዲመች ለውጡት፣ ለሌላም አካፍሉ" ብሎ ፈቃዱን አስቀድሞ ጽፎ ይለቀዋል። በቃ ይኸው ነው።

እኔ ግን ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ኮምፒውተር ሳይሆን ሐይቅ ነው። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

፩. የሐይቁ መምህር

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። ከውኃው ዳር ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጎኑ ከየብሱ ተያይዟል። በትውፊት ቤተ ክርስቲያኑ የተተከለው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ስሙ በአገር ሁሉ የገነነው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1248 ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከመጡ በኋላ ነው።

ኢየሱስ ሞዓ የመነኮሱት በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ነው። እዚያ የተማሩት ጸሎትና ጾም ብቻ አልነበረም፤ መጽሐፍ መገልበጥም ተምረዋል። ሐይቅ ሲደርሱ የሠሩት ሥራ ከሁለት የተጋመደ ነው። በአንድ በኩል መጽሐፍ አሰባሰቡ፣ አስገለበጡ። በሌላ በኩል ተማሪ ሰብስበው አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው መካከል ስማቸው በአገር ሁሉ የናኘው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ሐይቅ ዓመታት ተቀምጠው ተምረው፣ ኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን ተከሉ። ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለው ነው። ሌሎቹም ደቀ መዛሙርት እንዲሁ በየአቅጣጫው ሄደው ገዳም ተከሉ፤ እነሱም በተራቸው አስተማሩ። ታላቁ የታሪክ ሊቃችን ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ደብረ ሐይቅ መምህራን ባሳተሙት ጥናት ይህን መስመር ጥሩ አድርገው አሳይተውናል። የሐይቁ መምህር "ዐቃቤ ሰዓት" የሚል ማዕረግ ይዞ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ እስከማግኘት የደረሰውም በዚህ ዘመን ነው።

አሁን ወደ አንድ መጽሐፍ ልውሰዳችሁ። ኢየሱስ ሞዓ በ1280 ወይም 1281 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ አንድ አራቱ ወንጌል ሰጡ። መጽሐፉ ላይ ማን እንደሰጠውና በየትኛው ዓመት እንደተሰጠ ተጽፎበታል። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ውስጡ ይገኛል። ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸው ከሚታወቁት የግዕዝ ብራናዎች ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ብዙ ሊቃውንትም ቀዳሚው ይሉታል።

"እንዴ! የአባ ገሪማ ወንጌሎችስ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ እነሱ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጡታል። ግን ዓመታቸው አልተጻፈባቸውም። ዕድሜያቸውን ለማወቅ የብራናው ቅንጣት በውጭ አገር ቤተ ሙከራ መመርመር ነበረበት። የሐይቁን ወንጌል ዕድሜ ለማወቅ ግን ቤተ ሙከራ አላስፈለገም፤ ሰጪው ስሙንና ዓመቱን ማጻፉ በቂ ሆነ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ስለ ሀንዳውቶቻችን ሳወራ እመለስባታለሁ።

፪. መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም

በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ማባዛት ምን ያህል ልፋት እንደነበር አስቡት። ፍየልና በግ ታርዶ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል። ቀለም ይበጠበጣል። ቁም ጸሐፊው ለወራት ያጎነብሳል። ስለዚህ ለአንድ መጽሐፍ ብዙ ተማሪ እንጂ ለአንድ ተማሪ ብዙ መጽሐፍ አልነበረም። ታዲያ ትምህርቱ እንዴት ተስፋፋ? በሰው ነዋ! መምህሩ አንዱን መጽሐፍ ይዞ ለብዙዎች ይተረጉማል። የገፋው ተማሪ ለጀማሪው ያስነግራል። የጨረሰው ተመርቆ ሌላ አገር ሄዶ ወንበር ይዘረጋል። ለትምህርቱ ክፍያ የለም፤ ተማሪው ቁራሹን ለምኖ ይማራል፣ መምህሩ ያለውን ይሰጣል።

ይህ ደግሞ የክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም። ወሎ ነን እኮ! በጃማ ንጉሥና በዳና የነበሩት የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ደረሳው ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ኪታቡን ሸይኹ ፊት ይቀራል፣ በእጁ ይገለብጣል፣ ሲጨርስ ኢጃዛ ይዞ ወደ አገሩ ሄዶ ያስቀራል። የዚህን ታሪክ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ በጻፉት መጽሐፍ አቅርበውልናል። መጽሐፉ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ሆላንድ አገር ላይደን፣ ብሪል በሚባል ማተሚያ ቤት ነው። ዋጋው የአንድ መምህር ደሞዝ የሚችለው አይደለም። ስለ እኛው ቀዬ፣ በእኛው ሊቅ የተጻፈ መጽሐፍ እዚህ ላለው መምህር ሰማይ ሆነበት። "ክፍት" የሚባለው ሐሳብ ለምን እንደመጣ የሚገባው ሰው ይህን ሲያይ ነው።

ከሐይቅም ከጃማ ንጉሥም የምንማረው አንድ ነው፦ መጽሐፉ መኖሩ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚያሳይ ሰው ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህች ነጥብ ስል ነው። ዛሬ መጽሐፉ በርክሷል፤ ሚሊዮን ጊዜ ቢገለበጥ ዋጋው ያው ነው። የጎደለን የሚያሳየው ሰው ነው።

፫. ወንጌሉ ሚኔሶታ ደርሶ መጣ

የሐይቁ ወንጌል ብዙ አይቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ አህመድ ዘመቻ የሐይቁ ገዳም ንብረት ሲዘረፍ ይህ መጽሐፍ ተርፏል። ሌሎች ስንት እንደጠፉ ፈጣሪ ይወቀው።

በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የባህል መሥሪያ ቤትና ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሳት ያዙ። በዓመታት ውስጥ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኔሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሂል በሚባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። የሐይቁ ወንጌልም በዚያን ጊዜ ተነሣ፤ መለያ ቁጥሩ 1832 ነው።

ፊልም ግን ዝም ብሎ ቢቀመጥ የታሸገ ሣጥን ነው። ያንን ሣጥን የከፈቱልን በተለይ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ በጥይት ቆስለው ከተሽከርካሪ ወንበር አልተነሡም፤ ለሕክምና ወጥተው ሚኔሶታ ቀሩ። እዚያ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት ብራናዎቹን አንድ በአንድ እያነበቡ "ይህ መጽሐፍ ይህን ይዟል፣ በዚህ ዘመን ተጻፈ፣ በዚህ ገጽ ይህ ማስታወሻ አለ" እያሉ መዘገቡ። በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማትን አገኙ። ሰኔ 2013 ዓ.ም. አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ ፊልሞቹ ወደ ዲጂታል ተለውጠው በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ አሉ። በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። እኔ ሴት ነኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት ከቅጥሩ አልፋ አትገባም። ሥርዓቱ ነው፣ አከብረዋለሁ፤ ቅሬታም የለኝ። ግን ስለ ኢየሱስ ሞዓ ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት ወንጌላቸውን ዓይቼ ሳይሆን ሰው የጻፈውን አንብቤ ነበር። ወንጌሉን መጀመሪያ ያየሁት በስልኬ ነው፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ። ያን ቀን የኢየሱስ ሞዓ ምስል ያለበትን ገጽ እያሰፋሁ ሳይ ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ከገዳሙ በእግር በሚደረስበት ርቀት ኖሬ፣ መጽሐፉ ዓለምን ዞሮ ነው የደረሰኝ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግዕዝ የምትችል ኖራ አንድ መስመር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያንን ርዕስ ስንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም።

፬. "ነጻ" ሁሉ "ክፍት" አይደለም

እዚህ ላይ ስልጠናው ላይ ሁሌ የማነሳትን ልዩነት ላንሳ። የሐይቁን ወንጌል ድረ ገጹ ላይ በነጻ ታያላችሁ። ግን ምስሉን አውርዳችሁ መጽሐፍ አትማችሁ መሸጥ አትችሉም፤ መብቱ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ወንጌሉ ነጻ ነው እንጂ "ክፍት" አይደለም። ክፍት የሚባለው ፈቃዱ ተጽፎ ሲለቀቅ ነው። ብዙ መምህራን ይህን አይለዩም። ጉግል ላይ የተገኘ ሁሉ የሁሉም ይመስላቸዋል። ወይም ደግሞ በተቃራኒው የተፈቀደላቸውን ሁሉ "ስርቆት እንዳይሆን" ብለው ይፈራሉ።

የሐሳቡ ታሪክ ረጅም አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማስተማሪያ ለዓለም በነጻ እንደሚለቅ አስታወቀ። በዓመቱ፣ በ2002፣ ዩኔስኮ ፓሪስ ላይ በጠራው ስብሰባ "ክፍት የትምህርት ሀብቶች" የሚለው ስም ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች ይፋ አደረገ። የፈቃዶቹን ፊደላት ማወቅ የግድ ነው፦

"ባይ" ካለ የአዘጋጁን ስም ጥቀስ ማለት ነው።
"ኤስኤ" ካለ ለውጠህ ስታሰራጭ አንተም በዚያው ዓይነት ፈቃድ ልቀቀው ነው።
"ኤንሲ" ካለ ለንግድ አታድርገው ነው።
"ኤንዲ" ካለ ለውጠህ አታሰራጭ ነው።

ከአራቱ መምህራንን የምትጥለው የመጨረሻዋ ናት። ትርጉምም እኮ ለውጥ ነው! "ኤንዲ" ያለበትን ሞጁል ወደ አማርኛ ተርጉሞ ለሌላ ኮሌጅ ማካፈል አይፈቀድም። አገራችንም የራሷ ሕግ አላት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጸሐፊ መብት በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ሥራው የሕዝብ ነው።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስለ ክፍት የትምህርት ሀብቶች ለአባል አገራት ሁሉ ምክረ ሐሳብ አጸደቀ። አምስት ዘርፍ አለው። የመጀመሪያው ምን መሰላችሁ? ኮምፒውተር አይደለም፣ ኢንተርኔትም አይደለም። የሰው አቅም ግንባታ ነው፤ መምህሩ ሀብቱን ማግኘት፣ መጠቀም፣ ማሻሻልና ማካፈል እንዲችል ማድረግ። የእኛም አገር በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥታለች። ፖሊሲው በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚል ነው። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። እስቲ በየኮሌጁ ዞራችሁ ስለዚህ ፖሊሲ የሰማ መምህር ቁጠሩ።

፭. እኛም አድርገነው እናውቃለን

"ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ካለ ሁለት የአገራችንን ምሳሌ ልስጠው።

አንደኛው በካርተር ማዕከል ድጋፍ ከ1997 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ስልጠና ፕሮግራም ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የጤና ትምህርት ሲስፋፋ የነበረው መጽሐፍ በውጭ አገር ለውጭ አገር ሆስፒታል የተጻፈ ነበር። እዚያ የተጻፈው በሽታ እዚህ አይታይም፤ እዚህ የሚታየው እዚያ በአንድ አንቀጽ ያልፋል። ስለዚህ የጎንደር፣ የጅማ፣ የሐሮማያ፣ የሐዋሳና የሌሎችም መምህራን አንድ ላይ ተቀምጠው ከ200 በላይ ሞጁልና የመማሪያ ማስታወሻ ጻፉ። ማንም ያወርዳቸው ነበር። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ተማሪዎቼ ያነበባችሁት ሌክቸር ኖት ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሽፋኑን ተመልከቱ።

ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ይመለከታል። በ1995 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በየቀበሌው ተሰማሩ። እነሱን ከሥራቸው ሳይነቅሉ ማሳደግ አስፈለገ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች አጋሮች ጋር ሆኖ 13 ሞጁሎች አዘጋጀ፤ ከቅድመ ወሊድ ክትትል ጀምሮ እስከ ተላላፊ በሽታና ሥነ ምግብ። የጻፉት የራሳችን የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በርቀት ትምህርት አጻጻፍ ረዷቸው። ሞጁሎቹ በክፍት ፈቃድ ወጡ። ልብ በሉ፣ ሠራተኞቹ የተማሩት በታተመ ወረቀት ነው። በየቀበሌው ኢንተርኔት ይጠበቅ ቢባል ኖሮ ዛሬም ይጠበቅ ነበር። "ክፍት" ማለት "ኦንላይን" ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሁለቱም የሠመሩት በአንድ ምክንያት ነው። መምህራኑ ተቀባይ ብቻ አልነበሩም፤ ቁጭ ብለው ጻፉ፣ አስተካከሉ፣ ተራረሙ።

፮. ታዲያ ስልጠናው ላይ ምን እንሠራለን?

የምንጀምረው ከድረ ገጽ አይደለም። "ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ሀንዳውት አውጡ" እላለሁ። ሁሉም ያወጣል። የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ዳሩ የተቆረጠ። "ማን ጻፈው?" ስል ዝም። "መቼ?" ዝም። አንዱ "እኔ ከአቶ እገሌ ወሰድኩት" ይላል፤ አቶ እገሌም ከሌላ ነው የወሰዱት። አያችሁ፣ የማካፈል ባህሉ ሞልቶናል! ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። የጎደለው ኢየሱስ ሞዓ ወንጌላቸው ላይ ያስጻፉት ነው፦ ስም፣ ዓመት፣ ለማን እንደተሰጠ። ሀንዳውቱ ላይ ሦስት መስመር ብትጨመር፣ ማለትም አዘጋጁ፣ ዓመቱና ፈቃዱ ቢጻፍ፣ ያ ወረቀት በዚያው ሰዓት ክፍት የትምህርት ሀብት ይሆናል። ስህተት ካለውም ማን እንደሚያርመው ይታወቃል።

ቀጥለን እንፈልጋለን። ራይስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኦፕንስታክስ በክፍት ፈቃድ የለቀቃቸው የሳይኮሎጂ፣ የባዮሎጂ፣ የስታቲስቲክስና የሌሎችም ትምህርቶች ሙሉ መጻሕፍት አሉ። አንድ መምህር አንድ ምዕራፍ ይመርጣል። ከዚያ አምስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ባለቤቱ ማን ነው? ፈቃዱ ምን ይላል? የተጻፈው ለማን ነው? ለእኔ ተማሪ ምኑን ልለውጥ? ማንን ላመስግን?

አራተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው ሰው የሚነቃው። የስታቲስቲክስ ምሳሌው ስለ ቤዝቦል ከሆነ የእኛ ልጅ መጀመሪያ ቤዝቦልን መማር ሊኖርበት ነው። ለምን ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ አንመዝንም? ሃያ ዓሣ ይመዘናል፣ አማካዩ ይሰላል፣ ልዩነቱ ይታያል። ሒሳቡ ያው ነው፤ ተማሪው ግን በሚያውቀው ነገር ላይ ያስባል።

በታሪክ ትምህርት ደግሞ የምወደው ምሳሌ የአምባሰሉ ነው። ከሐይቅ ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመው እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ይላል፤ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከዚያ የመጣውን አድዋ ሁሉም ያውቃል። ይህን ዘወትር እንናገራለን፤ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ተማሪው ራሱ ልዩነቱን እንዲያገኝ የሚያደርግ መምህር ግን ጥቂት ነው። ውሉ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው፤ ጽሑፉን ለመጠቀም ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። የእኛ ቡድን አንድ ገጽ አዘጋጀ፦ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ ኢጣሊያንኛው ከነትርጉሙ፣ ከታች አራት ጥያቄ። ስማችንን፣ ዓመቱንና ፈቃዱን ጻፍንበት። ውሉ እደጃቸው ተፈርሞ ለእነሱ ግን የአንድ መስመር ማስታወሻ ሆኖ ለኖረው የውጫሌ ልጆች ያ ገጽ ትልቅ ነገር ነው።

፯. "ኔትወርክ የለ፣ መብራት የለ፣ ምን ታወሪያለሽ?"

ይህን ያለችኝ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ እውነቷን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅና በደሴ ሲያልፍ ብዙ ትምህርት ቤትና ኮሌጅ መጽሐፉንም ኮምፒውተሩንም አጥቷል። በ2015 ማብቂያ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። በእነዚያ ወራት አንድ ነገር ታዘብኩ። ሊንክ ብቻ የያዘ መምህር ባዶ እጁን ቀረ። ፋይሉን አውርዶ በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ የያዘ ግን ማስተማሩን ቀጠለ፤ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይላካል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ይታተማል። ክፍት ፈቃድ ካላቸው ነገሮች ትልቁ ጥቅማቸው ይኼ ነው፤ ቅጂውን በእጃችሁ የማስቀረት መብት አላችሁ። ማንም መጥቶ "ክፍያህ አልቋል፣ መልስ" አይልም።

ብዙ ቅጂ በብዙ ቦታ መኖሩ ምን እንደሚያደርግም ከሐይቅ አይተናል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር አንድ እሳት ይበቃዋል።

"ጥራቱስ?" የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ክፍት የሆነ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ግን የታተመ ሁሉስ ጥሩ ነው እንዴ? ልዩነቱ ክፍቱን ስታገኙት ስህተቱን ማረም መፈቀዱ ነው። ለማረም ግን ትምህርቱን የሚያውቅ መምህር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው ስልጠናውን ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ መተው የማልወደው። የባዮሎጂውን ሞጁል የሚመዝነው የባዮሎጂ መምህሩ ነው፣ የታሪኩን እኔ ነኝ።

ሌላው፣ እውነት ለመናገር ከባዱ፣ የጊዜና የክብር ጉዳይ ነው። መምህሩ ሳምንት ሙሉ ያስተምራል፤ ኑሮውም እንደምታውቁት ነው። ጥሩ ሞጁል አዘጋጅቶ ቢለቅ ለእድገቱ የሚቆጠርለት ነገር ከሌለ ለምን ይደክማል? ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሌ "ያዘጋጃችሁትን መዝግቡ፣ ስማችሁን ጻፉበት፣ ለዲፓርትመንታችሁ በደብዳቤ አስገቡ" የምለው ለዚህ ነው። ኃላፊነት ላይ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼም ይህን አደራ በላችሁ። ምርምር አሳተመ ብላችሁ ነጥብ እንደምትሰጡት ሁሉ መቶ ተማሪ የተማረበትን ሞጁል የጻፈውንም ቁጠሩለት።

፰. ከዚህ በኋላስ?

የኢየሱስ ሞዓ ዘመን ሐይቅ ዝነኛ የሆነው መጽሐፍ ስለተከማቸበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ግምጃ ቤት ነበር። የምናወራው ግን ከዚያ ስለወጡት ሰዎች ነው። አንዱ ተምሮ ሸዋ ሄደ፣ ሌላው ሌላ አገር፤ እያንዳንዱም ወንበር ዘረጋ። የእኔም ስልጠና ያንን መንገድ እንዲይዝ ነው የምፈልገው። አንድ መምህር ተምሮ ዝም ካለ ስልጠናው አበል የተበላበት ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻው የቤት ሥራ ሁሌም አንድ ነው፦ ወደ ኮሌጅህ ተመለስ፣ ሁለት ባልደረባ ያዝ፣ የተማርከውን አሳያቸው፣ አብራችሁ አንድ ገጽ አዘጋጁ።

እናንተም የምትችሉት አለ። መምህር የሆናችሁ፣ ነገ ክፍል የምታስገቡትን ሀንዳውት አንሡና ከግርጌው ስማችሁን፣ ዓመቱንና "ስሜን ጠቅሳችሁ ተጠቀሙበት፣ አሻሽሉት፣ አካፍሉት" የሚል አንድ መስመር ጻፉ። ውጭ አገር ያላችሁ ወሎዬዎች፣ እዚህ ላለ መምህር መላክ የምትፈልጉት ነገር ካለ ላፕቶፕ ብቻ አይሁን፤ በክፍት ፈቃድ የወጡ መጻሕፍት የተሞላ አንድ ሃርድ ዲስክ ብዙ ያስተምራል። ግዕዝ የምትችሉ ካህናትና የአብነት ተማሪዎች ደግሞ ተባበሩን። የሐይቁን ብራናዎች ስክሪን ላይ አንብባችሁ ለታሪክ መምህራን የምታስረዱ እናንተ ናችሁ። ኪታብና አጀሚ የምታነቡ የወሎ ልጆችም እንዲሁ።

የሚቀጥለው ስልጠና ላይ ከየኮሌጁ አንድ ሀንዳውት ይዞ የሚመጣ ሁሉ ቦታ አለው። ኢንተርኔት ባይኖርም እንሠራለን፤ ፍላሻችሁን ባዶ አድርጋችሁ ኑ፣ ሞልታችሁ ትመለሳላችሁ። የምታውቁት የኮሌጅ መምህር ካለ ይህን አካፍሉልኝ።

በሰላም ዋሉ፣ ወዳጆቼ።